ሰው በልቡ ሸሽጎ በባልንጀራው ላይ ስለሚፈርደው ፍርድ

ማቴዎስ በወንጌሉ በምዕራፍ 7 መጀመሪያ፥ ጌታ በተራራ ላይ ሲያስተምር ደቀ መዛሙርቱን እንዳይፈረድባቸው እንዳይፈርዱ እንዳዘዛቸው ጽፏል። ይህን ቃል የሚሰማ ብዙ ሰው ትእዛዙ በአደባባይ ለሚቀመጥ ዳኛ፥ ወይም በጎረቤቱ ላይ አፉን ለሚከፍት ሐሜተኛ ብቻ የተነገረ ይመስለዋል። ስለዚህ ዳኝነት ያልተሰጠው፥ ሐሜትም የማይወድ ሰው ምዕራፉን ሲያነብ ወደ ራሱ ሳያደርሰው ያልፋል። ነገር ግን ጌታ አስከትሎ የመሰለው ምሳሌ የዓይን ምሳሌ ነው እንጂ የአፍ ምሳሌ አይደለም። ጉድፉን የሚያይ ዓይን ነው፤ አፍ የሚናገረው ዓይን አይቶ ልብ ከፈረደ በኋላ ነው። እንግዲህ ትእዛዙ የሚጀምረው ከአፍ በፊት፥ ማንም በማይሰማበት በልብ ጓዳ ነው ማለት ነው።

በልብ የሚሰወረው ፍርድ ሁሉ ታላቅ በደል ታይቶ የሚፈረድ ቢሆን ነገሩ በቀለለ ነበር። ወንበዴውን ወንበዴ፥ ሐሰተኛውን ሐሰተኛ ብሎ በልቡ የያዘ ሰው ቢጠየቅ የሚያቀርበው ምክንያት አለው። የሚያሳፍረው ይህ አይደለም። የሚያሳፍረው፥ ሰው ባልንጀራውን በልቡ የሚኮንንበት ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ ገልጦ ቢናገረው የሚያስቅ፥ ተናጋሪውንም የሚያስገምት ኢምንት ነገር መሆኑ ነው። አንዱ ሲያላምጥ ድምፅ ያሰማል፤ ከማዕዱ አብሮት የተቀመጠው ሰው ከዚያ ቀን ጀምሮ ስስታም ነው ብሎ ይይዘዋል። አንዱ ሲስቅ ድምፁ ከፍ ይላል፤ ቁም ነገር የሌለው ተባለ። አንዱ ሰላምታ ሲሰጥ እጁ ላላ ያለ ነው፤ ልቡም እንደ እጁ የላላ ነው ተብሎ ተፈረደበት። አንዲቱ ነጠላዋን አሳምራ ትለብሳለች፤ ትዕቢተኛ ናት ተባለች። ሌላይቱ ሳታሳምር ትለብሳለች፤ ሰነፍ ናት ተባለች። እንዲህ የፈረደው ሰው በእነዚህ ሰዎች ላይ ምን ተናገርህ ተብሎ ቢጠየቅ ምንም አልተናገርሁም ይላል። እውነቱን ነው፤ በአፉ ምንም አልተናገረም።

የተማሩ ሰዎች ከዚህ ነገር ነፃ ናቸው የሚል አይኑር። ምክንያታቸው ይረቅቃል እንጂ ፍርዳቸው አይቀርም። ዲያቆኑ ምንባቡን ሲያነብ ተነሽ የሚሆነውን ቃል ወዳቂ አድርጎ ቢያነብ፥ ከቅኔ ማኅሌቱ የቆመው መሪጌታ በልቡ የሚለው ይህ ልጅ ንባብ ይቀረዋል ብቻ አይደለም፤ ይህ ልጅ አስተዳደጉ የተበላሸ ነው እስከ ማለት ይደርሳል። የንባብ ስሕተት የንባብ ስሕተት ነው፤ ከንባብ ተነሥቶ ወደ ጠባይ፥ ከጠባይም ተነሥቶ ወደ ወላጆች የሚያሻግር ድልድይ በየትኛውም መጽሐፍ አልተሠራም። በዋሸራ ቅኔ የተቀኘው የጎንጁን፥ የጎንጁም የዋድላውን ቅኔውን ሳይሰማ ከየት እንደ መጣ በሰማ ጊዜ ገና ሚዛኑን ያዘነብላል። የቤተ ልሔም ድጓ የተማረውም የአጫብሩ ዜማ በጆሮው ሲገባ ከዜማው አልፎ ባለ ዜማውን ይንቀዋል። የትምህርት ቤቶች ልዩነት ለቤተ ክርስቲያን ጌጥ ሆኖ ሳለ፥ በልብ ውስጥ ሲገባ የንቀት ምክንያት መሆኑ የሚያሳዝን ነው።

ሐተታ። እንዲህ ከሆነ ዳኛ አይፍረድን? አባት ልጁን፥ መምህር ደቀ መዝሙሩን አይገሥጽን? ቢሉ፤ አይደለም። ሙሴ በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 1 ዳኞችን ሲሾም የሁለቱን ወገን ነገር እንዲሰሙ፥ ለታናሹና ለታላቁ ሳያዳሉ በእውነት እንዲፈርዱ አዟል። በምዕራፍ 19ም ነገር በሁለት ወይም በሦስት ምስክር እንዲጸና፥ በአንድ ምስክር ብቻ በማንም ላይ እንዳይፈረድ ወስኗል። በአደባባይ የሚፈረድ ፍርድ እንግዲህ አጥር አለው። ከሳሽ ይቀርባል፥ ተከሳሽ ይጠራል፥ ዋስ ይያዛል፥ ምስክር ይሰማል፥ ያልተስማማውም ይግባኝ ይላል። በአገራችን በቀድሞው ዘመን ሁለት ሰዎች በመንገድ ቢጣሉ፥ አላፊውን መንገደኛ በሕግ አምላክ ብለው አቁመው ሸማቸውን ቋጥረው ነገራቸውን ያሰሙት ነበር። ያ መንገደኛ እንኳ ሁለቱን ሳይሰማ ለመፍረድ አይደፍርም ነበር። በልብ አደባባይ ግን ከሳሹም፥ ምስክሩም፥ ዳኛውም አንድ ሰው ነው። ተከሳሹ እንደ ተከሰሰ አያውቅምና መልስ አይሰጥም። ይግባኝ የሚባልበት የበላይ ዳኛ አይታወቅም። ፍርዱም ከተፈረደ በኋላ ሃያ ዓመት ቢቆይ ማንም አያነሣውም። ጌታ የከለከለው ይህን ዳኝነት ነው፤ ምክንያቱም ዳኝነት ሳይሆን የዳኝነትን ወንበር የነጠቀ ጥላቻ ወይም ንቀት ነውና።

የዚህን ፍርድ አካሄድ ከሁሉ አብልጦ የሚያሳይ ታሪክ በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ ምዕራፍ 1 የተጻፈው የሐና ታሪክ ነው። ሐና የሕልቃና ሚስት ናት፤ ልጅ አልነበራትም። ጣውንቷ ፍናና ግን ልጆች ነበሯትና በየዓመቱ ወደ ሴሎ ለመሥዋዕት ሲወጡ ታስቆጣት፥ ታስለቅሳትም ነበር። በአንዱ ዓመት ከተበላና ከተጠጣ በኋላ ሐና ተነሥታ ወደ መቅደሱ ሄደች። ካህኑ ኤሊ በመቃኑ አጠገብ በወንበሩ ተቀምጦ ነበር። እርስዋም በነፍስዋ ተመርራ እያለቀሰች ስትጸልይ ከንፈርዋ ብቻ ይንቀሳቀስ ነበር እንጂ ድምፅዋ አይሰማም ነበር። ኤሊም አፍዋን ተመለከተ፤ የሰከረች መሰለችው።

አንባቢ በዚህ ላይ ጥቂት ይቁም። ኤሊ የፈረደው በምን ነው? በከንፈር መንቀሳቀስ ነው። ለፍርዱ የሚመስል ምክንያት አልነበረውም ማለት አይቻልም፤ በዓሉ የመብልና የመጠጥ በዓል ነበር፥ በበዓልም የሚሰክር ሰው አይጠፋም። ድምፅ ሳያሰሙ ከንፈርን እያንቀሳቀሱ መጸለይ በዓይኑ ያልተለመደ እንደ ነበረ ከነገሩ ይታወቃል። ዓይኑ ያልለመደውን ነገር ባየ ጊዜ ልቡ አላውቅም ብሎ መቆየትን ትቶ ከሚያውቀው ክፉ ነገር ሁሉ ቅርብ የሆነውን አነሣና ሰጣት። የተሰወረ ፍርድ ሁሉ የሚሠራው በዚህ መንገድ ነው። የማያውቀውን ነገር ባዶ አድርጎ አይተወውም፤ ከራሱ መዝገብ አውጥቶ ይሞላዋል።

አንድም፤ ኤሊ ስካርን በሐና ላይ ለማየት የፈጠነበት ምክንያት በቤቱ ነበረ። በምዕራፍ 2 እንደ ተጻፈ ልጆቹ አፍኒንና ፊንሐስ የመሥዋዕቱን ሥጋ በግድ ይወስዱ፥ በመገናኛው ድንኳን ደጅ ከሚያገለግሉ ሴቶችም ጋራ ያመነዝሩ ነበር። ኤሊ ይህን ሰምቶ የተናገራቸው ተግሣጽ ለስላሳ ነበረ፤ ከሥራቸውም አልከለከላቸውም። በምታለቅሰው ሴት ላይ ግን ስካሩ እስከ መቼ ነው ብሎ ጠነከረ። በቤቱ ሊናገረው የሚገባውን ኃይለ ቃል በደጅ ለተገኘች ለማያውቃት ሴት ሰጣት። ከባድ የሆነውን የራሱን ጉዳይ ያልቻለ ሰው በሌላው ቀላል ጉዳይ ላይ ኃያል ይሆናል፤ ይህን በካህናት ቤት ብቻ ሳይሆን በመኳንንትም አዳራሽ ያየው ብዙ ነው።

በዚያ ጊዜ ምን ሊጠፋ እንደ ነበረ ማሰብ ይገባል። ሐና በካህኑ ቃል አፍራ፥ ጸሎትዋን አቋርጣ ብትወጣ ማን ይይዛት ነበር? ከዚያች ጸሎት የተገኘው ሳሙኤል ነው። ሳሙኤልም ሳኦልንና ዳዊትን ቀብቶ አነገሠ። እግዚአብሔር ሥራውን በሰው ስሕተት አያስቀርም፤ የካህኑ ፈንታ ግን ሴቲቱን ከደጅ መመለስ ሆኖ ነበር። ሐና ግን አልሸሸችም፥ አልተቆጣችምም። ጌታዬ ብላ በአክብሮት ጠርታ ወይን ጠጅ እንዳልጠጣች፥ ልብዋ ያዘነባት ሴት እንደ ሆነች አስረዳችው። ይህን ያህል ትዕግሥት ግን ከተፈረደበት ሰው ሁሉ መጠበቅ አይገባም። ከሐና በኋላ በየመቅደሱ ደጅ ተመልክተው በዓይን ተፈርዶባቸው ዝም ብለው የተመለሱ፥ ዳግመኛም ያልመጡ ስንት ይሆኑ? ቍጥራቸው በመዝገብ አልተጻፈም።

የሚደንቀው ቀጥሎ ነው። ያ በእናቱ ላይ በተፈረደው የችኮላ ፍርድ ሊቀር ጥቂት የቀረው ሳሙኤል፥ አድጎና ነቢይ ሆኖ በምዕራፍ 16 ወደ እሴይ ቤት በተላከ ጊዜ እርሱ ራሱ በዓይን ፈረደ። ኤልያብን ቁመቱንና መልኩን አይቶ የሚቀባው ይህ ነው ብሎ በልቡ አሰበ። እግዚአብሔርም ሰው ፊትን እንዲያይ እርሱ ግን ልብን እንዲያይ ነግሮ ከለከለው፤ ሰባቱ ልጆች ካለፉ በኋላ ከበግ ጥበቃ የተጠራው ታናሹ ተቀባ። ሳሙኤል ቀድሞ ሳኦልን የሚያህል፥ ከሕዝቡ ሁሉ በትከሻ የሚበልጥ ሰው ቀብቶ እንደ ነበረ፥ የዚያም ፍጻሜ ምን እንደ ሆነ ያውቃል። እንዲህ እያወቀ ቁመት ዳግመኛ አሳተው። ነቢይነት እንኳ ከዚህ ስሕተት ካላዳነ ሹመትና ትምህርት ያድናሉ ብሎ መታመን ከንቱ ነው።

በሥጋዊ ጥበብ የሚመረምሩ ሰዎችም ይህን ነገር በሌላ መንገድ አግኝተውታል። ኤድዋርድ ቶርንዳይክ የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቡና ሊቅ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር በ1920 ዓ.ም. ባሳተመው ጽሑፍ፥ የጦር አለቆች በእጃቸው ያሉትን ሰዎች ስለ ሰውነት አቋማቸው፥ ስለ አእምሯቸው፥ ስለ መሪነታቸውና ስለ ጠባያቸው ለየብቻ መዝነው እንዲመሰክሩ በተደረገ ጊዜ የሰጡትን ምስክርነት መርምሯል። አራቱ ነገሮች የተለያዩ ሲሆኑ ምስክርነቱ ግን ከሚገባው በላይ እርስ በርሱ ተያይዞ ተገኘ። በአንዱ ነገር የተወደደው በሁሉም ተወደደ፥ በአንዱ የተነቀፈውም በሁሉ ተነቀፈ። አለቆቹ ሐሰት ለመናገር የፈለጉ አልነበሩም፤ ዓይናቸው ያየውን ልባቸው እየጨመረበት ነው እንጂ። ቶርንዳይክ ስለ ወታደሮች የጻፈው ስለ ኤልያብ ከተጻፈው ጋራ አንድ ነው።

እንዲህ ያለው ጥቂት ፍርድ በአንድ ሰው ልብ ሲቀር ጥቂት ነው፤ በብዙ ሰው ልብ ሲስማማ ግን አገርን የሚያህል ግድግዳ ይሆናል። በኢትዮጵያ ብረት የሚቀጠቅጠውን፥ ሸክላ የምትሠራውን፥ ሸማ የሚሸምነውን፥ ቆዳ የሚፍቀውን ሕዝቡ በልቡ ሲንቅ፥ ዓይነ ክፉ ነው ቡዳ ነው እያለ ሲሸሸው ብዙ ዘመን ኖሯል። ማረሻውን ከእጁ ይቀበሉታል፥ ልጃቸውን ግን አይድሩለትም። ማድጋዋን ይገዙላታል፥ ልጃቸውን ግን ካይኗ ይሸሽጉባታል። ይህ በአዋጅ የታወጀ ሕግ አልነበረም፤ ከልብ ወደ ልብ የሚሄድ ሹክሹክታ ነበረ። አዋጅስ የወጣው ይህን ለመከልከል ነው፤ ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛ በሥራው እንዳይሰደብ አውጀዋል። አዋጁ አፍን ሊከለክል ይችላል፤ ልብን ግን የሚከለክል ጠባቂ አልተገኘለትምና ነገሩ ከአዋጁ በኋላም ብዙ ዘመን ቆየ። ጌታ በናዝሬት እንደ ጠራቢ ልጅ መቈጠሩን፥ ጳውሎስም ድንኳን ይሰፋ እንደ ነበረ የሚያነብ ካህን ይህን ንቀት በልቡ ይዞ ወንጌል ሲያነብ በምን አፍ እንደሚያነብ ራሱ ይመርምር።

ያዕቆብም በመልእክቱ በምዕራፍ 2 ወደ ምእመናን ጉባኤ ስለ ገቡ ሁለት ሰዎች ይናገራል። አንዱ የወርቅ ቀለበት ያደረገና ያማረ ልብስ የለበሰ ነው፥ አንዱ እድፋም ልብስ የለበሰ ድሃ ነው። ለባለ ቀለበቱ መልካሙ ስፍራ ይሰጠዋል፤ ድሃው ግን ቁም ወይም ከእግር በታች ተቀመጥ ይባላል። እንዲህ የሚያደርጉትን ሐዋርያው ክፉ አሳብ ያላቸው ዳኞች ይላቸዋል። ልብ ይበሉ፤ አድሎኞች ብሎ ብቻ አልተወም፥ ዳኞች አላቸው። በዚያ ጉባኤ ማንም ፍርድ አልተናገረም፤ የተነገረው የመቀመጫ ነገር ብቻ ነው። ፍርዱ ግን በመቀመጫው ተገልጧል። በበዓለ ንግሥ ቀን በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ለማን መንገድ እንደሚለቀቅ፥ ማንስ በክርን እንደሚገፋ የተመለከተ ሰው ለዚህ ምዕራፍ ሌላ ትርጓሜ አይሻም።

ወደ ጌታ ምሳሌ እንመለስ ቢሉ፤ በግእዙ ንባብ በባልንጀራ ዓይን ያለው ሐሠር ይባላል፥ በፈራጁ ዓይን ያለው ሠርዌ ይባላል። ሐሠር ነፋስ የሚያመጣው ገለባ፥ ስብርባሪ ነው፤ ሠርዌ ቤት የሚሸከም ምሰሶ ነው። ሐሠር ሳይታሰብ ይገባል፤ ሠርዌ ግን ተቈርጦ፥ ተጠርቦ፥ በብዙ ሰው ተሸክሞ ካልመጣ በራሱ አይገባም። ስለዚህ የባልንጀራ ስሕተት ድንገተኛ፥ የፈራጁ ግን ሲሠራበት የኖረ ነው ማለት ነው። አንድም፤ ሁለቱም ከአንድ ዓይነት ነገር የተገኙ ናቸው፤ ስብርባሪውም ምሰሶውም እንጨት ነው። ሰው በባልንጀራው ላይ ፈጥኖ የሚያየው የራሱን ዓይነት ነው። የሚያላምጠውን ስስታም ያለው ሰው ድምፁን የሰማው ራሱ ስለ ጎመጀ ይሆናል። ነጠላ ያሳመረችውን ትዕቢተኛ ያላት እርስዋ ያላየችውን ራሱን እንድታየው ስለ ፈለገ ይሆናል። የልብ ፍርድ ስለ ተፈራጁ ጥቂት፥ ስለ ፈራጁ ግን ብዙ የሚናገር ስለ ሆነ፥ የሚሰወረውም ስለዚህ ነው።

በልብ ያለፈ አሳብ ሁሉ ኀጢአት ነውን? ቢሉ፤ አይደለም። አባቶች በልብ የሚያልፈውን አሳብና ልብ ተቀብሎ የሚያሳድረውን አሳብ ለይተዋል። ወፍ በራስ ላይ ስትበር መከልከል አይቻልም፤ ጎጆ ስትሠራ ግን ይቻላል። ያ ሰው ሲያላምጥ ድምፁ ጆሮን ቢያስቀይም የሰው ጠባይ ነው። ኀጢአት የሚሆነው በጆሮ የተሰማውን በጆሮ ማስቀረት ትቶ፥ በዚያ ድምፅ ላይ ስለ ሰውዬው ነፍስ ታሪክ መሥራት ነው። ታሪኩም ምን ያህል መሠረት እንደሌለው በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 28 ይታያል። ጳውሎስ ከመርከብ ስብራት አምልጦ በመላጥያ ደሴት እሳት ሲያነድ እፉኝት ከጭራሮው ወጥታ እጁን ያዘችው። የአገሩ ሰዎች ይህ ሰው ነፍሰ ገዳይ ነው ብለው ፈረዱ። ጥቂት ቆይተው ምንም እንዳልጐዳው ባዩ ጊዜ አምላክ ነው ብለው ፈረዱ። ከነፍሰ ገዳይነት ወደ አምላክነት የተሻገረው ጳውሎስ ከእሳቱ አጠገብ ሳይነሣ ነው። ሁለቱም ፍርዶች ሐሰት ነበሩ፤ ሁለቱንም ከመፍረዳቸው በፊት ስሙን እንኳ የጠየቀ አልነበረም።

ስለ አባ ሙሴ ጸሊም የሚነገረውን ገዳማውያን ሁሉ ያውቁታል። በገዳመ አስቄጥስ አንድ ወንድም በጥፋት ተገኝቶ ሽማግሌዎች ሊፈርዱበት ተሰበሰቡ፥ አባ ሙሴንም ጠሩት። እርሱም የተቀደደ ከረጢት አሸዋ ሞልቶ በጀርባው ተሸክሞ መጣ፤ አሸዋውም በኋላው ይፈስ ነበር። ይህ ምንድር ነው ቢሉት፥ የራሱ ኀጢአት በኋላው ሲፈስ እርሱ ሳያየው በወንድሙ ላይ ሊፈርድ እንደ መጣ ነገራቸው። ሽማግሌዎቹም ወንድሙን ማሩት። አባ ሙሴ ራሱ ኢትዮጵያዊ ነበረና በመልኩ ጥቁረት የተናቀ፥ አስቀድሞም ወንበዴ የነበረ ሰው ነው። በዓይን መፈረድ ምን እንደ ሆነ ከሁለቱም ወገን ያውቀዋል።

የቀረው አንድ ጥያቄ ነው፤ የነፍስ አባቶችም ብዙ ጊዜ ይጠየቁታል። በባልንጀራው ላይ በልቡ በከንቱ የፈረደ ሰው ከተጸጸተ ሄዶ ለዚያ ሰው ይንገረውን? በአፍ የበደለ በአፍ ይቅርታ ይጠይቃል፤ ወንጌልም መባውን ትቶ ከወንድሙ እንዲታረቅ ያዛል። በልብ ብቻ የበደለ ግን ሄዶ አሳሳቅህ ስላስጠላኝ ስንት ዓመት ቀላል ሰው ነህ ስል ኖርሁ ቢለው፥ ሰላም ለነበረው ሰው አዲስ ቁስል ሰጠው፥ የራሱን ሸክም አውርዶ በተበዳዩ ጫንቃ አኖረው እንጂ ዕርቅ አላደረገም። ለነፍስ አባቱ ይንገር፤ ለተበዳዩ ግን በቃል ሳይሆን በሥራ ይካሰው። የነፈገውን መቀመጫ ይስጠው። ምስክርነቱን ሲጠየቅ በልቡ ያኖረውን ሳይሆን ያየውን ብቻ ይመስክር። ልጁን ለትምህርት፥ ወይም ራሱን ለሥራ ሲያመጣ በዚያ በድሮው ፍርድ ምክንያት እንዳይመልሰው ይጠንቀቅ፤ የተሰወረ ፍርድ ጉዳቱን የሚያደርሰው በእንዲህ ያለ ቀን ነውና።

ኤሊም ያደረገው ይህን ነው። ሐና ስታስረዳው የሰከርሽ መስሎኝ ነበር፥ ከንፈርሽ አሳተኝ እያለ ነገር አላበዛባትም። በደኅና እንድትሄድ፥ የእስራኤልም አምላክ የለመነችውን እንዲሰጣት መረቃት። ያ ሊያስወጣት የነበረ አንደበት ነው የመረቃት። እርስዋም ሄዳ በላች፥ ፊትዋም ከዚያ ወዲያ አላዘነም።